የፍሳሽ መስመር የጭስ ፍተሻና የነዋሪዎች የደህንነት ስጋት

የጭስ ፍተሻ የከተማ ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቶች ከመሬት በታች ያለው የፍሳሽ መስመራቸው የት ላይ እንደተሰነጠቀና የዝናብ ውሃ በየት በኩል ሾልኮ እንደሚገባበት ለማወቅ የሚያደርጉት ምርመራ ነው። ሠራተኞች መንገድ ላይ ያለ ማንሆል ይከፍታሉ፤ አፉ ላይ የነፋስ ማሽን ያስቀምጣሉ፤ ነጭ ጭስ ወደ መስመሩ ይነፉና ከየት ከየት ብቅ እንደሚል እየዞሩ ይመዘግባሉ። በአሜሪካ የቆየና የተለመደ ሥራ ነው። አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት በሚኖሩባቸው የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮችም ያጋጥማል።

ለነዋሪው ግን ነገሩ እንዲህ ቀለል ብሎ አይታየውም። በሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘው ወረቀት ቤቱ ውስጥ ጭስ ሊገባ እንደሚችል፣ ቢገባም መደናገጥ እንደሌለበት ይነግረዋል። መደንገጡ ግን አይቀርም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ቤት ፍሳሹን የሚያስወግደው ግቢው ውስጥ ባለ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ነው። ከዚያ የመጣ ሰው መታጠቢያ ቤቱ በአንድ ቧንቧ ከመላው ሰፈር ጋር እንደተያያዘ ላያውቅ ይችላል፤ መንገድ ላይ የተነፋ ጭስ እንዴት ሳሎኑ ድረስ ይመጣል ብሎ ቢጠይቅም ተገቢ ጥያቄ ነው። ከስጋቶቹ አንዳንዶቹ በቂ መልስ አላቸው። ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶቹ ከሚሰጧቸው የበለጠ ትኩረት ይገባቸዋል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው ችግር ማስታወቂያው ከናካቴው የማይደርሰው ሰው መኖሩ ነው።

ፍተሻው ለምን ያስፈልጋል

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች የቤት ፍሳሽና የዝናብ ውሃ በየራሳቸው መስመር ይሄዳሉ። የቤት ፍሳሹ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይወሰዳል፣ የዝናቡ ውሃ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ችግሩ የሚመጣው የዝናብ ውሃ በተሰነጠቀ ቧንቧ፣ ክዳኑ በተሰበረ የግቢ መክፈቻ (የፍሳሽ ቧንቧው የሚጸዳበት አፍ) ወይም ያለ ፈቃድ በተያያዘ አሸንዳ በኩል ወደ ቤት ፍሳሹ መስመር ሲገባ ነው። የአንድ ቤት ጣሪያ 100 ካሬ ሜትር ቢሆንና 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ 2,500 ሊትር ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ ጥቂት እንዲህ ያሉ ቤቶች ካሉ መስመሩ ሞልቶ በማንሆል ይገነፍላል፤ ወይም ወደ ኋላ ተመልሶ የሰው ምድር ቤት ውስጥ ይወጣል።

የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳዩን በሕግ የያዘው በ1972 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ፣ ከሐምሌ 1973 በኋላ ለማጣሪያ ጣቢያ ግንባታ የፌዴራል ገንዘብ የሚጠይቅ ከተማ መስመሩ ከልክ ያለፈ የውጭ ውሃ እንደማይገባበት እንዲያሳይ አስገደደ። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በ2004 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት በመላ አገሪቱ በየዓመቱ ከ23,000 እስከ 75,000 የሚደርሱ የፍሳሽ መገንፈሎች እንደሚከሰቱ ገምቷል። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎችን የሚያገለግለው የውሃና ፍሳሽ ድርጅትም በ2005 ከፌዴራል መንግሥት ጋር መገንፈሉን ለማስቆም የሚያስገድድ የፍርድ ቤት ስምምነት ገብቷል። እንዲህ ያለ ግዴታ ያለበት መሥሪያ ቤት መስመሩን በሰፊው መፈተሽ አለበት። ሁሉንም ቧንቧ በካሜራ ማየት ጊዜና ገንዘብ ይጨርሳል፤ በጭስ ግን በአንድ ቀን ብዙ መንገድ ይሸፈናል።

ፍተሻው የሚደረገው ደረቅ በሆነ ወቅት ነው። መሬቱ ዝናብ ከጠገበ ውሃው ስንጥቁን ይዘጋውና ጭሱ ወደ ላይ መውጫ ያጣል።

ጭሱ ቤት የሚገባበት መንገድ

ከማሽኑ የወጣው ጭስ በዋናው መስመር አልፎ ከየቤቱ በሚመጡት ቧንቧዎች ይገባል። ጤነኛ በሆነ ቤት ሽቅብ ሄዶ ጣሪያው ላይ ባለው የአየር ማስወጫ ቧንቧ ይወጣል። ሰፈሩ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያው ላይ ሲጨስ ማየት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን መሆን ያለበት ይኸው ነው፣ የቤቱ ቧንቧ መተንፈሻው ክፍት መሆኑን ያሳያል።

ወደ ክፍሎቹ እንዳይገባ የሚከለክለው ሲፎኑ ነው። በላቫንዲኖ፣ በሻወርና በወለል መውረጃ ሥር ባለው የታጠፈ ቧንቧ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል። የአሜሪካ የቧንቧ ሥራ ደንቦች የዚህን ውሃ ጥልቀት ከ2 እስከ 4 ኢንች፣ ማለትም ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያደርጉታል። የፍተሻው ማሽን በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ኪዩቢክ ጫማ አየር ቢገፋም ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ በሥርዓት የሞላ ሲፎን ያቆመዋል።

የሚያስቸግረው የደረቀ ሲፎን ነው። ምድር ቤት ውስጥ ከቦይለሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ያለችውን ክብ ወንፊት ማን ውሃ ያፈስባታል? ለወራት ማንም አይነካትም፤ በክረምት ማሞቂያው ሲሠራ ደግሞ ውሃዋ ቶሎ ይተናል። የእንግዳ መታጠቢያ ቤት፣ ሰው የማይገባበት ሻወር፣ ተነቅሎ የተወሰደ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የነበረበት መውረጃም እንደዚሁ ናቸው። ለዚህ ነው ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ከፍተሻው በፊት በማይሠራበት መውረጃ ሁሉ ውሃ እንዲፈስ የሚመክሩት። ለወለል መውረጃ አራት ሊትር ያህል ይበቃል። ከሲፎን ሌላ የሽንት ቤት መቀመጫው ሥር ያለው ማሸጊያ ካረጀ፣ ወይም ግድግዳ ውስጥ ያለ የአየር ማስወጫ ቧንቧ ከተሰነጠቀ ጭሱ በዚያ ይገባል።

ጭሱ የገባበት ቀዳዳ ከፍተሻው በፊትም በኋላም የፍሳሽ ጋዝ ይገባበታል። ከዚያ ጋዝ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ፤ የገማ እንቁላል ሽታ ያለው መርዛማ ጋዝ ነው፣ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና ጨርሶ መሽተት ያቆማል። ተቀጣጣይ የሆነው ሚቴንም አለ። ስለዚህ ነጭ ጭስ ቤቱ ውስጥ ያየ ሰው፣ ቤተሰቡ ሳያውቀው የኖረበትን ችግር እያየ ነው።

ጭሱ ከምን እንደሚሠራ

መሥሪያ ቤቶች በብዛት ጭሱ መርዝ የለውም፣ ዕድፍም አይተውም ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን ነዋሪ ምን እንደሆነ ጠይቆ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ፤ ጭሱ ሁሉ አንድ አይደለምና።

ሁለት ዓይነት አለ። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ከፈሳሽ የሚወጣው ጭስ ነው። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ የተጣራ የማዕድን ዘይት ሲሆን በማሽኑ ሞተር ትኩስ ጭስ ማውጫ ውስጥ ሲረጭ ተኖ ነጭ ጉም ይሆናል። ለሥራ ቦታ የተደነገገው የማዕድን ዘይት ጉም ልክ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 5 ሚሊ ግራም ነው፣ ለስምንት ሰዓት። በቧንቧው ውስጥ የተበረዘ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ መሽተት ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ፈሳሹ የሚተነው በሞተር ጭስ ማውጫ ውስጥ በመሆኑ ከሞተር ጭስ ጋር የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድስ? የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። በማሽኑ ነፋስ እጅግ ይበረዛል፤ ቢሆንም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በፍተሻው ቀን ቢጮህ ፍተሻው ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም። መጮሁ ከማሞቂያው ብልሽት ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 911 ይደወል።

ሁለተኛው የጭስ ሻማ ነው፤ ተለኩሶ ለጥቂት ደቂቃ የሚጨስ ቆርቆሮ። የተለመደው ዓይነት ሲነድ ዚንክ ክሎራይድ ያወጣል፤ ይህም የአየሩን እርጥበት ስቦ ወፍራም ነጭ ጭስ ይሠራል። የዚህ ልክ በጣም ጠባብ ነው፤ በኪዩቢክ ሜትር 1 ሚሊ ግራም ለስምንት ሰዓት፣ 2 ሚሊ ግራም ለአጭር ጊዜ፤ 50 ሚሊ ግራም ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ይባላል። ወታደሮች ለመከለያ የሚጠቀሙበት የዚሁ ዓይነት ጭስ በዝግ ዋሻ ውስጥ ሰው ገድሎ ያውቃል። በፍሳሽ መስመር ውስጥ ተበርዞ ከጣሪያ በላይ የሚወጣው ከዚያ የራቀ ነው። ነገር ግን እነዚህ ልኮች የወጡት ለሠራተኛ ነው፤ አስም ላለበት ሕፃን ወይም በኦክስጅን ለሚረዱ አዛውንት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ቀድሞ መደወል፣ የምርቱን የደህንነት መረጃ ሉህ መጠየቅና በዚያ ሰዓት ሌላ ቤት መዋል ይሻላል። መሥሪያ ቤቱም ሉሁን ለመስጠት ማንገራገር የለበትም።

እሳት፣ ደወልና በር የሚያንኳኳ እንግዳ

በየቀኑ የትኛው መንገድ እንደሚፈተሽ ለእሳት አደጋ ክፍል ቀድሞ ይነገራል። እንደዚያም ሆኖ ጭሱ ከፍተሻው ይሁን ከእሳት መለየት ያቃተው ሰው 911 ቢደውል ጥፋት የለበትም። የፍተሻው ጭስ ነጭ ነው፣ በመውረጃ አካባቢ ይጀምራል፣ መስኮት ሲከፈት በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። የሚያቃጥል ሽታ፣ ጥቁር ቀለም ወይም ሙቀት ካለው እሳት ነው።

በእኛ ቤቶች የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የጭስ ደወሉ እየጮኸ ሲያስቸግር ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ብዙ ሰው ነው። በፍተሻው ሳምንት ባትሪው ወደ ቦታው ይመለስ፤ ከዚያም በኋላ እዚያው ይቆይ። ለቤት እንስሳም ማሰብ ያስፈልጋል፤ ጭስና የደወል ጩኸት በተዘጋ ቤት ውስጥ ብቻውን የቀረ ውሻን ያስጨንቃል።

ሌላው ስጋት ሌባ ነው። የጭስ ፍተሻ ለማድረግ ሠራተኛ ቤት ውስጥ መግባት አያስፈልገውም፤ የሚሠራው መንገድና ግቢ ላይ ነው። የደንብ ልብስና መታወቂያ የሌለው ሰው ለጭስ ፍተሻ አስገቡኝ ቢል በር አለመክፈት፣ በውሃ ክፍያ ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ነው። ጭስ ቤት ገብቶ ነዋሪው ራሱ ሠራተኛውን ቢጠራው ነገሩ ሌላ ነው።

ማስታወቂያው ማን ዘንድ ይደርሳል

ወረቀቱ ከጥቂት ቀናት በፊት በር ላይ ይንጠለጠላል። የሚንጠለጠለው በፊት ለፊቱ በር ነው። በጓሮ በር የሚገባ፣ ምድር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው አያየውም፤ ከላይ ያለው አከራይም አንብቦ ሊጥለው ይችላል። ጭስ የሚገባበት የደረቀ የወለል መውረጃ ያለው ግን በአብዛኛው ተከራዩ በሚተኛበት ምድር ቤት ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ ሰው፣ ፍተሻው በሚደረግበት የሥራ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው። ከጭሱ ኬሚካል ይበልጥ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ቋንቋውም አንድ ዕንቅፋት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚና ዋና ዋና ሰነዶችን በትርጉም እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሌሎች ከተሞች ግን ወረቀቱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ቢበዛ በስፓኒሽ ነው የሚመጣው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የኮሚዩኒቲ ማኅበር ቀኑን ቢያስታውቁ መሥሪያ ቤቱ በወረቀት የማይደርሰውን ሰው ይደርሱታል። ለ911 ሲደወልም «አማርኛ» ማለት አስተርጓሚ ለመጠየቅ ይበቃል።

ከፍተሻው በኋላ መሥሪያ ቤቱ ጭስ የወጣበትን ቦታ ፎቶ አንሥቶ ለቤቱ ባለቤት ደብዳቤ ይጽፋል። ከዋናው መስመር እስከ ቤቱ ያለውን የግል ቧንቧ የማስጠገን ወጪ በብዙ ቦታ የባለቤቱ ነው፤ አሸንዳውን ከፍሳሽ መስመሩ እንዲያላቅቅም የጊዜ ገደብ ይሰጠዋል። ደብዳቤው ለተከራይ አይሄድም። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ጭስ ያየ ተከራይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የገባበትን ቦታ ጽፎ፣ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለአከራዩም ለመሥሪያ ቤቱም መላክ አለበት፤ አከራዩ ካልጠገነ ለካውንቲው የቤቶች ቁጥጥር ክፍል የሚያቀርበው ማስረጃ ይሆነዋል።