ስትሪት ፋይተር 2፦ ከጌሙ ጋር አብረው ያደጉ ወሬዎች

በሳንቲም የሚሠራው የድብድብ ቪዲዮ ጌም ስትሪት ፋይተር 2 ለተጫዋቹ ብዙም አያስረዳም። ሳንቲሙን ይውጥና ወደ ድብድቡ ይከትሃል፣ አለቀ። የቀረውን ሰው ከሰው እየሰማ ተማረ። ታዲያ ውሸቱም በዚያው አብሮ ተዛመተ።

«የመጀመሪያው የድብድብ ጌም እሱ ነው» የሚሉ አሉ። ስሙ ላይ 2 ቁጥር እያዩ! የጃፓኑ ጌም ሠሪ ካፕኮም የመጀመሪያውን ስትሪት ፋይተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያም በፊት በ1984 ካራቴ ቻምፕ ነበር። በ1991 የመጣው ሁለተኛው ግን ለዘውጉ መልክ ሰጠው።

«በተኑን ዝም ብሎ የቀጠቀጠ ያሸንፋል።» ይሄኛው ነው በጣም የሚያናድደኝ። ስድስት በተን አለ፤ ሦስቱ ለቡጢ፣ ሦስቱ ለእርግጫ። ቀላሉ ምት ይፈጥናል። ከባዱ ያማል፣ ግን ይዘገያል፤ ከሳትክ ተጋልጠህ ትቀራለህ። ለመከላከል ጆይስቲኩን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ቆመህ ስትከላከል ተቃዋሚህ እግርህን ከታች ይጠርግሃል። ቁጭ ብለህ ስትከላከል ዘሎ ከላይ ይመጣብሃል። ሁሌ ተከላክዬ ልኑር ካልክ ደግሞ ይዞ ይወረውርሃል። ለሁሉም መድኃኒት አለው፤ ጥያቄው ያኛው ምን አስቧል ነው።

ሪዩ የሚባለው ተፋላሚ የሚወረውረውን የእሳት ኳስ፣ ሀዶከንን፣ እንይ። ብዙ ሰው የእሳት ኳሱ ለመጉዳት ብቻ የሚወረወር ይመስለዋል። ጎበዝ ተጫዋች ግን ኳሱን የሚልከው ተቃዋሚው እንዲዘልለት ነው። አየር ላይ ያለ ሰው መከላከል አይችልም። ሲወርድ ሾርዩከን፣ ማለትም ወደ ላይ እየዘለሉ የሚሰነዝሩት ቡጢ፣ ከታች ይቀበለዋል። ኳሱ ማጥመጃ ነው።

እርግጥ በተን መቀጥቀጥ የሚያዋጣበት አንድ ቦታ አለ። ተመትተህ ራስህ ላይ ኮከብ ሲዞር ያገኘኸውን ሁሉ ነካካ፤ ቶሎ ትነቃለህ።

«ኮምቦ (ማምለጫ የማይሰጥ ተከታታይ ምት) የታቀደ ፈጠራ ነው» ለሚሉ፦ በአጋጣሚ የመጣ ነው። የካፕኮሙ ፉናሚዙ ኖሪታካ መኪና የሚሰባበርበትን የቦነስ ዙር ሲፈትሽ፣ አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላ ማስከተል እንደሚቻል አስተዋለ። ጊዜውን መግጠም ስለሚከብድ ማንም አይጠቀምበትም ተብሎ ጌሙ ውስጥ እንዳለ ተተወ። እንዴት እንደተሳሳቱ! በ1993 በወጣው ሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ጌሙ ራሱ የኮምቦውን ምት እየቆጠረ ስክሪን ላይ ያሳይ ጀመር።

ሼንግ ሎንግስ? ሪዩ ሲያሸንፍ በእንግሊዝኛው ቅጂ «ሼንግ ሎንግን ሳታሸንፍ ዕድል የለህም» የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ሰዉ የተደበቀ ተፋላሚ አለ ብሎ አበደ። ነገሩ የትርጉም ስህተት ነው፤ ጃፓንኛው የሚያወራው ስለ ሾርዩከን ነበር፣ ፊደሎቹ በቻይንኛ ተነበቡና ሰው ሆኑ። ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ የተባለው መጽሔት ደግሞ በ1992 ለኤፕሪል ዘ ፉል ቀልድ ሼንግ ሎንግን የሚያስወጣ ዘዴ ነው ብሎ አተመ። ያመነው ብዛቱ! ሱፐር ተርቦ በተባለው የ1994ቱ የጌሙ ቅጂ አኩማ የሚባል የተደበቀ ተፋላሚ የምር መጣ።

በባይሰን ስም መጣላትም ይቅር። በጃፓን ባይሰን ቦክሰኛው ነው፤ በውጭ ግን ሌላ ተፋላሚ ነው። ማይክ ታይሰንን በጣም ስለሚመስል ክስ ተፈርቶ፣ ለውጭ ገበያ የሦስት አለቆች (መጨረሻ ላይ የሚገጥሙህ ተፋላሚዎች) ስም ተቀያየረ። ሁለቱም ተከራካሪ ልክ ነው።

በመጨረሻ «ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል» የሚለው። ይሄ እንኳን እውነት ነው። ጋይል የሚባለው ተፋላሚ ሶኒክ ቡም የተባለውን ከሩቅ የሚመታ ምት ለመወርወር ጆይስቲኩ ለአፍታ ወደ ኋላ ተይዞ ከዚያ ወደ ፊት መገፋት አለበት። ኮምፒውተሩ የያዘው ጋይል ግን ወደ አንተ እየተራመደ ይወረውረዋል። በእሱ ተሸንፈህ ከተሳደብክ አልፈርድብህም።