ዘሊጅ ምንድን ነው?

ዘሊጅ በቀለማም ልባስ የተሸፈነ የሸክላ ጠፍጣፋ በመዶሻ ወደ ትንንሽ ቅርጾች እየተቆረጠ፣ የተቆረጡትም አንዱ ከሌላው ጋር ያለ ክፍተት እየተገጣጠሙ ግድግዳን፣ ወለልን፣ ዓምድን ወይም የግቢ ፏፏቴን የሚያለብሱበት የሞሮኮ የእጅ ጥበብ ነው። በቤት ውስጥና በግራፊክ ዲዛይን ገበያ ግን ስሙ ከሥራው ተነጥሎ ለጥለቱ ብቻ ሲሰጥ ይታያል፤ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ የታተመበት የግድግዳ ወረቀት፣ የትራስ ልብስ፣ የዕቃ ማሸጊያ፣ በፋብሪካ የተመረተ ሴራሚክ ሁሉ ዘሊጅ እየተባለ ይሸጣል። ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ከጥለቱ ሳይሆን ከአሠራሩ መነሣት ይሻላል፤ ጥለቱን እንዲህ ያደረጉት ሸክላው፣ እሳቱና መዶሻው ናቸውና።

የዘሊጅ ዋና መዲና የሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ ናት። በከተማዋ አካባቢ የሚቆፈረው የሸክላ አፈር በውሃ ተለውሶና ታሽቶ፣ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ካሬ እየተጠፈጠፈ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያም በምድጃ ይተኮሳል፣ ልባስ ይቀባል፣ ለሁለተኛ ጊዜም ይተኮሳል። ለምድጃው ከሚማገዱት ነገሮች አንዱ ዘይቱ ተጨምቆ ያለቀ የወይራ ፍሬ ተረፍ ነው። የልባሱ ቀለሞች ከማዕድን የሚገኙ ናቸው፤ ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ቢጫውና የማር መልክ ያለው ከብረት፣ ቡናማውና ጥቁሩ ከማንጋኒዝ። የእሳቱ ሙቀት በምድጃው ውስጥ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ከአንድ ቅብ የወጡ ሁለት ካሬዎች እንኳ በትክክል አንድ መልክ አይኖራቸውም። የዘሊጅ ግድግዳ ብርሃን ሲያርፍበት የሚንቀሳቀስ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ሲሆን፣ በኮምፒዩተር የተሞላ ወጥ ቀለም ይህን ሊሰጥ አይችልም።

ከምድጃ የወጣው ካሬ ላይ የሚፈለገው ቅርጽ በመለኪያ ይሣልበታል። ቆራጩ ዝቅ ብሎ ይቀመጥና መንቃሽ በሚባለው ከባድና ስለታም መዶሻ፣ በትንሽ የብረት መስፍ ላይ፣ መስመሩን ተከትሎ ትርፉን እየፈለጠ ይጥላል። ቀጥሎ ያለው ሥራ ተመልካች ፈጽሞ የማያየው ነው፤ የቁራጩ ጀርባ ከፊቱ ጠበብ እንዲል ጎን ጎኑ ይጠረባል። በዚህ ምክንያት ሁለት ቁራጮች ሲገጠሙ ፊታቸው ላይ ያለው ልባስ ብቻ ይነካካል፣ ከኋላ የሚቀረው ክፍተት ደግሞ ማጣበቂያውን ይይዛል። በተለመደው የሴራሚክ ሥራ በሁለት ንጣፎች መካከል የሚታየው የፉጋ መስመር በጥሩ ዘሊጅ ላይ የማይታየው ለዚህ ነው። ፉርማ ተብለው የሚጠሩት ቁራጮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም አላቸው፤ ብዙዎቹ ቀጥ ያለ ጠርዝ የያዙትም የመዶሻው ምት ቀጥታውን ስለሚመርጥ ነው። የሚጠማዘዝ ሐረግና ቅጠል የሚሠራበት ዘሊጅም አለ፤ እርሱ ግን ብዙ ድካም የሚጠይቅ የባለጸጋ ሥራ ነው።

አገጣጠሙ ደግሞ ለማያውቀው ሰው እንግዳ ነው። ትልልቅ ሰሌዳዎች ሲሠሩ ቁራጮቹ መሬት ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ይደረደራሉ፤ ማዓለም የሚባለው ዋና ባለሙያ የሚያየው ልባስ የሌለውን የሸክላ ጀርባ ብቻ ስለሆነ የቀለሙን አሰላለፍ ከልቡ ያውቃል። ድርድሩ ሲያልቅ ከላይ ጂፕሰም ወይም ሲሚንቶ ይፈስበትና ከደረቀ በኋላ ሰሌዳው ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ይቆማል። በዚያን ጊዜ የተገኘ ስሕተት በቀላሉ አይታረምም። ሁሉም የሚያርፍበት ስሌት ግን በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ የሚገኝ ነው፤ በጣም የታወቀው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ሁለት እኩል ካሬዎች፣ አንዱ በሌላው ላይ በ45 ዲግሪ ዞሮ ሲያርፍ የሚወጣ ነው። ኮከቡ ከተቀመጠ በዙሪያው የሚገቡት ቅርጾች ማዕዘን ከሞላ ጎደል ተወስኗል፣ ሠሪውም የሚመርጠው በተወሰነ ሕግ ውስጥ ነው። ከዚህ አልፈው 16 ወይም 24 ጫፍ ያላቸውን ኮከቦች የሚያሰፉ ሰሌዳዎችም አሉ።

ጥበቡ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ አፍሪካና በአንዳሉስ፣ ማለትም ሙስሊሞች ይገዙት በነበረው የስፔንና የፖርቱጋል ምድር፣ አብሮ እያደገ የመጣ ሲሆን፣ የደመቀበት ጊዜ በሞሮኮ የማሪኒዶች፣ በደቡብ ስፔን በምትገኘው በግራናዳ የናስሪዶች ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ማለትም 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በፌዝ ከ1323 እስከ 1325 የተሠራው የአታሪን መድረሳና ከ1350 በኋላ የታነጸው የቡ ኢናኒያ መድረሳ ከዚያ ዘመን ቀርተው ዛሬም የሚጎበኙ ናቸው፤ በግራናዳ ደግሞ የናስሪዶች ቤተ መንግሥት አልሐምብራ አለ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ግራናዳ በ1492 በክርስቲያን ነገሥታት እጅ ከወደቀች በኋላ ጥበቡ በሞሮኮ ሳይቋረጥ ቀጠለ። በስፔንና በፖርቱጋል በተለይ እየተስፋፋ የሄደው ግን ሳይቆረጥ ሙሉ ካሬ ላይ ቀለም የሚቀባበት አዙሌሆ ነው፤ ይኼኛው ሥዕል ሊሣልበት የሚችል፣ ፈጥኖ የሚደርስና ረከስ ያለ ሌላ ጥበብ ነው።

ለቤት ውስጥ ዲዛይነር ከሁሉ የሚጠቅመው ትምህርት ዘሊጅ በግድግዳው ላይ የሚይዘው ስፍራ ይመስለኛል። በፌዝ መድረሳዎች ግቢ የቆመ ሰው የሚያየው ዘሊጁ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል፣ ሰው የሚደገፍበትንና ውሃ የሚረጨውን፣ ብቻ ሸፍኖ ነው። ከእርሱ በላይ አንዳንድ ጊዜ ጥቁሩ ልባስ ተፍቆ ጽሑፍ እንዲወጣበት የተደረገ የሸክላ ቀበቶ ይመጣል፤ ቀጥሎ ነጭ የተቀረጸ ጂፕሰም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተፈለፈለ የዝግባ እንጨት ይከተላል። ከባዱ፣ ቀለማሙና የሚታጠበው ነገር ታች፣ ተሰባሪውና ቀላሉ ላይ ነው። «የሞሮኮ ስታይል» በሚል ርእስ አራቱን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በኮከብ የሚሞላ ክፍል ስለዚህ ሞሮኮን አይመስልም፤ ዓይን የሚያርፍበትን ነጭ ቦታ ያጣ ክፍል ነው።

ጥለቱ ወደ ግራፊክ ዲዛይን የተሻገረበት መንገድ ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በእንግሊዛዊው አርክቴክት ኦወን ጆንስ በኩል ነው። ጆንስ በ1834 ከፈረንሳዊው ባልደረባው ዡል ጉሪ ጋር አልሐምብራን ሊያጠና ሄደ፤ ጉሪ እዚያው በኮሌራ ሞተ፣ ጆንስ ግን ልኬቱንና ሥዕሉን በቀለም ኅትመት አወጣ። በ1856 ደግሞ ከብዙ የዓለም ሕዝቦች የተሰበሰቡ ጌጦችን በ100 የቀለም ገጾች ያቀረበ ትልቅ መድብል አሳተመ፣ ይህም ለዲዛይን ተማሪዎች ለረጅም ጊዜ መቅጃ ሆኖ ኖረ። የሚገርመው ግን መቅጃ መሆኑን ራሱ ጆንስ አለመፈለጉ ነው፤ በዚያው መድብል ባሰፈራቸው መርሖች ውስጥ ካለፉት ሰዎች ሥራ ልንወስደው የሚገባን መርሑን እንጂ ውጤቱን አይደለም ይላል። ምክሩን በተግባር ያዋለው ምናልባት ሆላንዳዊው አርቲስት ኤሸር ነው። አልሐምብራን በ1922 እና በ1936 ጎብኝቶ የግድግዳውን ጥለት እየገለበጠ ካጠና በኋላ፣ ያለ ክፍተት የመገጣጠሙን ሕግ ወስዶ በኮከብ ፈንታ እንሽላሊትና ወፍ ሞላበት። ማንም አይቶ ዘሊጅ አይለውም፣ የዘሊጅ ባለዕዳ መሆኑ ግን አይካድም።

ውጤቱን መውሰድ ምን ዓይነት ክርክር እንደሚያስነሣ በ2022 ታይቷል። አዲዳስ ለአልጄሪያ ብሔራዊ ቡድን ባዘጋጀው ማልያ ላይ የዘሊጅ ጥለት በመታየቱ የሞሮኮ የባህል ሚኒስቴር በጠበቃ በኩል ተቃውሞ አቀረበ፤ በኩባንያው በኩል የተሰጠው መነሻ ደግሞ በአልጄሪያዋ ትለምሰን ከተማ የሚገኘው የመሽዋር ቤተ መንግሥት ነበር። ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ። ትለምሰን በ14ኛው ክፍለ ዘመን በማሪኒዶች እጅ የነበረችበት ጊዜ ስላለ፣ ጥለቱን በዛሬ ድንበር ለመክፈል መሞከር አስቸጋሪ ነው፤ ሳይቋረጥ ዛሬ ድረስ የሚቆርጡት እጆች ግን በዋናነት በፌዝ መሆናቸው እውነት ነው። በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2011 የከፈተውን የሞሮኮ ግቢ ሲያሠራ የመረጠው መንገድ ከዚህ አንጻር የሚመሰገን ነው፤ ጥለቱን ገልብጦ በማተም ፈንታ የፌዝ ባለሙያዎችን ጠርቶ ሥራውን ለእነርሱ ሰጠ።

አንድን የኅትመት ጥለት ለመመዘን የሚያስፈልገው ዳርቻውን ማየት ነው። እውነተኛው ሰሌዳ የሚታቀደው ለአንድ ግድግዳ ስለሆነ ትልቁ ኮከብ በበሩ ወይም በፏፏቴው መካከለኛ መስመር ላይ ያርፋል፣ ጥለቱም ጠርዙ ላይ ሲደርስ በራሱ ሕግ ተዘግቶ በድንበር ይታቀፋል። በማሽን የሚደጋገም ጥለት ግን ወረቀቱ ባለቀበት ያልቃል፤ ኮከቡ በግማሹ ተቆርጦ ቀርቶ ከሆነ ሠሪው ጥለቱን እንጂ ስፍራውን አላሰበም።

ባለፉት ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ ወጥ ቤቶችና መታጠቢያ ክፍሎች የገባው ዘሊጅ ደግሞ ሳይቆረጥ የቀረው ባለ አንድ ቀለም ካሬ ነው። ጎርበጥባጣነቱ፣ የልባሱ ስንጥቃትና የጠርዙ መፈርፈር የዕቃው ጠባይ ነው፤ ሠራተኛው ከብዙ ካርቶን እያቀላቀለ፣ ፉጋ በጣም አጥብቦ እንዲያነጥፈው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፣ አለዚያ እንደ ፋብሪካ ሴራሚክ ሊያስተካክለው ይደክማል። ሸክላው በመጠነኛ ሙቀት የተተኮሰ በመሆኑ ውሃ ወደ ውስጡ ይስባል፤ ስለዚህ ውርጭ በሚበረታበት አገር ከቤት ውጭ ሲነጠፍ ውስጡ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ መልኩን አስመስሎ የተሠራው የፋብሪካ ሴራሚክ የተሻለ ምርጫ ነው።