ቢንጅ ኢቲንግ ምንድን ነው?

ሌሊት ስድስት ሰዓት። ቤተሰቡ ተኝቷል። ልጅቷ መብራት ሳታበራ፣ በፍሪጁ ብርሃን ቆማ ትበላለች። የተረፈ ፓስታ፣ ከዚያ ዳቦ በማርማላታ፣ ከዚያ ለነገ የተቀመጠው ጨጨብሳ፣ ቀዝቅዞ እንዳለ። አልራባትም። ጣዕሙንም ልብ አላለችውም። ሆዷን ሲያማት ታቆማለች፤ ማንም እንዳያውቅ ሰሃኑን አጥባ ትመልሳለች።

ቢንጅ ኢቲንግ ይሄ ነው። በዓል ላይ ዶሮ ወጥ መደጋገም አይደለም፣ ያንንማ ሁላችንም እናውቅበታለን። ልዩነቱ "ይብቃኝ" እያሉ እጅን መሰብሰብ አለመቻሉ ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ እፍረቱና ራስን መጥላቱ አለ። ቡሊሚያ የሚባለው ሌላ የአመጋገብ ህመም ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ የበላችውን ታስመልሳለች፤ ይቺኛዋ ግን እንደዚያ አታደርግም። በአማካይ በሳምንት አንዴ ሆኖ ለ3 ወር ከቀጠለ ሐኪሞች ህመም ይሉታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ህመም አድርጎ መዝግቦታል።

ምን ይቀሰቅሰዋል? ሰው ቶሎ "ሆዳም" ይላል እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለው ረሃብ ነው። ቁርስ ትዘላለች፣ ምሳ ሰላጣ ትነካካለች፣ ማታ ሰውነቷ የተቀማውን ያካክሳል። በ1944 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሚኒሶታ በተጀመረ ሙከራ 36 ጤነኛ ወንዶች ለ6 ወር ያህል ምግባቸው ተቀንሶባቸው ነበር። በኋላ እንደልብ ብሉ ሲባሉ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶም ማቆም አቃታቸው። ወንዶች ናቸው እንግዲህ፣ ያውም ተመርጠው የገቡ!

ረሃቡ ላይ ብስጭት፣ ብቸኝነት ወይም ፈተና ሲጨመርበት ይብሳል፤ አንዳንዷን የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ያጠናባታል። ዘመድ ቤት ሲኬድ ደግሞ አክስት ሰው ሁሉ እየሰማ "ውይ፣ ወፈርሽ እኮ!" ትላለች። ለቀልድ ነው፣ ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉርሻ ሲዘረጋላት እንኳ "በቃኝ" ማለት ትጀምራለች፣ ማታ ፍሪጁ ጋ እስክትሄድ ድረስ። ጾም በራሱ ችግር የለበትም፤ ግን "ጾም ላይ ነኝ" ማለት የዳይት መሸፈኛ ሲሆን ማንም አይነቃም።

ሕክምናው በብዛት የንግግር ሕክምና ነው፤ እዚያም መጀመሪያ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ሰዓት ጠብቆ መብላት ነው። ሌሊቱን ያን ሁሉ በልታ ባደረች ማግስት ጭምር፣ ቁርስ።