የሮም ፓፓ ሥልጣንና የአንድነት ጥያቄ በጣና ዙሪያ

የሮም መንበር በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ላይ ሥልጣን አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር በኢትዮጵያ ደም እስከማፋሰስ የደረሰው ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን፣ በጎርጎራና በደንቀዝ አካባቢ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኝተዋል፤ በ1557 ደግሞ ከኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሆነው ጳጳስ ኦቪየዶ አገር ውስጥ ገብቷል። ከሁለቱም የጸና አንድነት አልተገኘም።

ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ሲገባ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ ክርክሩን የኬልቄዶን ጉባኤ በ451 በደነገገውና ተዋሕዶ በማትቀበለው፣ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው በሚለው ትምህርት ላይ አተኮረ። አፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ርስት ሰጡት፤ የኢየሱሳውያኑ ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም ማርያም ግምብ ይባላል። በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ የቆመው ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ግምብም የፓኤዝ ሥራ ነው ይባላል። በ1617 አቡነ ስምዖን ከንጉሡ አማች ከዮልዮስ ጋር ሆነው ንጉሡን ተቃወሙ፤ ሁለቱም በውጊያ ወደቁ።

ፓኤዝ በ1622 ካረፈ በኋላ ከሮም ፓትርያርክ ተብሎ የተሾመው አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ደረሰ። በየካቲት 1626 ሱስንዮስ በደንቀዝ ተንበርክከው ለፓፓው መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ነገሩ የተበላሸው ከመሐላው ይልቅ ተከትሎ በመጣው ትእዛዝ ነው፦ ምእመናን ዳግም ይጠመቁ፣ ካህናት ዳግም ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናት ዳግም ይባረኩ፣ ቅዳሴው የላቲንን ሥርዓት ይከተል፣ በዓላትና አጽዋማት በሮም አቆጣጠር ይዋሉ፣ ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት ይቅሩ። ዳግም መጠመቅ ማለት አባቶቻችን ሳይጠመቁ ሞቱ ማለት ነበርና ገበሬውም መነኩሴውም በአንድነት ተነሣ። በኋላ ጥቂት ማሻሻያ ቢፈቀድም ጊዜው አልፎ ነበር። የጣና ደሴቶችና ገዳማት ለተዋሕዶ መጠጊያ ሆኑ፤ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ መንና፣ ግዞትን ታግሣ፣ በሐይቁ ዙሪያ የጸኑ ማኅበራትን መሠረተች። በ1632 ሱስንዮስ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» አሉ፤ ኢየሱሳውያኑም በፋሲለደስ ዘመን ከአገር ተባረሩ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመታት ያህል ግንኙነቱ በጥርጣሬ ነበር።

ዛሬ በባሕር ዳር የካቶሊክ መንበር አለ፤ የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ከአዲስ አበባው ተከፍሎ በጥር 2015 ተቋቋመ። ሥርዓቱ የግዕዝ ነው፤ የሜንዴዝ የላቲን ቅዳሴ አልተመለሰም። ልዩነቱ የሚሰማው በቅዳሴው ምልጃ የፓፓው ስም በመጠራቱና በጳጳሳቱ አሿሿም ነው። በ1990 በወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ መሠረት የጳጳሳቱ ጉባኤ ቢያንስ ሦስት ዕጩዎችን ለሮም ያቀርባል፣ ሿሚው ግን ፓፓው ነው፤ ሊቀ ጳጳሱም ከሮም ፓሊዩም የተባለውን የሥልጣን ምልክት ሳይቀበል ጉባኤውን መጥራት አይችልም። ያው ሕግ በአንቀጽ 43 የፓፓውን ሥልጣን የበላይ፣ ሙሉ፣ ቀጥተኛና ዓለም አቀፋዊ ይለዋል። በአንጻሩ የባሕር ዳርን የኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ የሚመድበው የራሷ የቤተ ክርስቲያኒቱ ቅዱስ ሲኖዶስ ነው። ይህን መብት ከእስክንድርያ ጋር ለዘመናት ከተደረገ ድርድር በኋላ፣ በ1959 የራሷን ፓትርያርክ በማግኘት ሙሉ ያደረገች ቤተ ክርስቲያን ለሌላ የውጭ መንበር በቀላሉ አታስረክበውም።

የአንድነት ተስፋ ያለውም እዚሁ ነጥብ ላይ ነው። በክርስቶስ ባሕርይ ላይ የሮሙ ፓፓ ጳውሎስ 6ኛና የግብጽ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በ1973 የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። የካቶሊክና የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ (ኬልቄዶንን ያልተቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት) የጋራ ኮሚሽን፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም አባል የሆነችበት፣ ከ2004 ጀምሮ እየተሰበሰበ በ2015 ባወጣው ሰነድ እስከ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኅብረቱ በደብዳቤ፣ በሲኖዶስ፣ በጸሎትና በጉብኝት ይጠበቅ እንደነበር አሳይቷል፤ አንዱ መንበር ሌላውን በቀጥታ አያዝም ነበር። ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1995 የሥልጣናቸው አፈጻጸም እንዴት ይሁን ብለው ሌሎችን አማክረዋል። ይህ ጥያቄ ከአንቀጽ 43 ጋር እስካልታረቀ ድረስ ግን ጥያቄ ሆኖ ይቆያል።

ጥምቀትም አልተዘጋም። ሮም የኦርቶዶክስን ጥምቀት ዛሬ ትቀበላለች፤ ከኦሪየንታሎቹ ግን የካቶሊክን የማይቀበሉ አሉ። የካቶሊክ ሕግ ኦርቶዶክሳዊ በራሱ ፈቃድ ጠይቆ ከተዘጋጀ ንስሐ፣ ቁርባንና ቀንዲል እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ተዋሕዶ ግን ቁርባንን የእምነት አንድነት ፍጻሜ አድርጋ ስለምታይ ልጆቿን ወደዚያ አትልክም፤ በባሕር ዳር በሁለቱ መካከል የሚጋቡ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጋጩት ከዚህ ጋር ነው። በመጋቢት 2024 ደግሞ የግብጽ ሲኖዶስ፣ ቫቲካን የአንድ ጾታ ጥንዶችን ስለ መባረክ ባወጣችው ሰነድ ምክንያት፣ ከሮም ጋር የሚደረገውን ነገረ መለኮታዊ ንግግር አቁሟል።