ኩን ራፒድስ፦ በበቆሎ ዘር ስሟ የተጠራ የአዮዋ ከተማ

ኩን ራፒድስ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ የምትገኝ ትንሽ የገበሬዎች ከተማ ናት። ሚድል ራኩን የሚባል ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል። በ1950ዎቹ ነዋሪዋ ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የምታክል ከተማ አዮዋ ውስጥ በየአቅጣጫው ሞልቷል። ይህችን ግን ዓለም በስሟ ጠራት። ምክንያቱ ደግሞ በቆሎ ነው።

ስለ ከተማዋ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1959 የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ኒኪታ ክሩስቼቭ እዚያ ከተገኙበት ዕለት ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ ግን ከዘሩ መጀመር እመርጣለሁ። እንግዳውን የጠራው ዘሩ ነዋ።

አፈሩ ጥቁርና ወፍራም ነው። መሬቱ በቅየሳ ጊዜ በአንድ አንድ ማይል አራት ማዕዘን ስለተቆረጠ የገጠሩ መንገድ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ገበሬው እንደ እኛ አገር መንደር ሠርቶ አይኖርም። እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ማሳ ላይ ቤቱንና ጎተራውን ሠርቶ ይቀመጣል። በቆሎና አጃ ይዘራል፣ ከብትና አሳማ ያደልባል። ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኘው በቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ክፍል ትምህርት ቤትና በወንፈል ነበር። በተለይ የአጃ ውቂያ ሲደርስ አንዱን የውቂያ ማሽን ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ባለ ቤቷም ለወንፈሉ ሁሉ ምሳ ታበላለች። ስልኩ ራሱ የጋራ ነበር። ብዙ ቤቶች በአንድ መስመር ስለሚያያዙ፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው እጀታውን አንስቶ መስማት ይችላል። ቅዳሜ ማታ ሱቆች እስከ ምሽት ክፍት ናቸው። ሚስት እንቁላሏንና የወተት ቅባቷን ሸጣ ስኳርና ጨርቅ ገዝታ ትመለሳለች።

መብራት ግን የለም። በ1935 ከአሜሪካ እርሻዎች የኤሌክትሪክ መብራት የነበራቸው ከአሥር አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ተበድረው፣ ምሰሶውን በየማሳው ዳር አስተከሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ መብራት ገብቶላቸው ነበር። ውኃ ከጉድጓድ በእጅ ስትስብ ለኖረች እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ወደ ዘሩ ልመለስ። ሮስዌል ጋርስት በ1898 ተወልደው በወጣትነታቸው ኩን ራፒድስ ላይ እርሻ የጀመሩ፣ ጮክ ብለው የሚያወሩና ያመኑበትን ነገር ሰው ካልተቀበላቸው የማይተኙ ሰው ነበሩ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደሞይን ከተማ ሲኖሩ ከሄንሪ ዋላስ ጋር ተዋወቁ። ዋላስ በኋላ የእርሻ ሚኒስትር፣ ከዚያም ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ናቸው። ዋላስ በ1926 ዲቃላ የበቆሎ ዘር የሚያመርት ኩባንያ አቋቁመው ነበር፤ ቆይቶ ፓዮነር የተባለው ማለት ነው። ጋርስት ዘሩን በራሳቸው አካባቢ አባዝተው ለመሸጥ ተስማሙና በ1930 ወደ ኩን ራፒድስ ተመለሱ።

ዲቃላ ዘር እንዴት እንደሚመረት በቅርብ ማየት ደስ ይላል። በቆሎ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ አገዳ ላይ ይዞ ነው የሚበቅለው። አናቱ ላይ የሚዘናፈለው አበባ ወንዴው ነው። ወገቡ ላይ ከእሸቱ ጫፍ የሚንጠለጠለው ጢም ሴቴው ነው። ዘር አምራቹ ሁለት ዝርያ ጎን ለጎን በመደዳ ይዘራል። ከዚያ የአንደኛውን ዝርያ ወንዴ አበባ፣ ዱቄቱን ሳይበትን፣ አንድ በአንድ በእጅ ይነቅላል። ያ የተነቀለበት አገዳ እንግዲህ ዱቄት የሚቀበለው ከጎረቤቱ ብቻ ነው። የሚያፈራውም ፍሬ ዲቃላ ይሆናል።

ይህን ሥራ በሐምሌ ሙቀት ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ የአካባቢው ወጣቶች ናቸው። በማለዳ በቆሎ ውስጥ የገባ ልጅ በጤዛ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ክንድ ስለሚቧጭር ረጅም እጅጌ ይለብሳል። ቀትር ላይ ደግሞ ነፋስ በማይገባበት መደዳ መካከል ላቡ ይወርዳል። አንድ ረድፍ ውስጥ ጥቂት አበባ ተረስቶ ከቀረ ዘሩ ይበላሻል፤ ስለዚህ ተመልሰው ደግመው ያልፉበታል። ለብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ደመወዝ ይህ ነበር።

ገበሬው ግን ዘሩን ቶሎ አላመነም። ከአባቱ የወረሰውን መልካም ራስ መርጦ፣ አድርቆ መዝራት የለመደ ሰው በየዓመቱ ዘር ግዛ ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ከዲቃላ የተሰበሰበውን መልሶ ቢዘራ ምርቱ ይወርዳልና በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። ብዙው ሰው መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞከረው። የ1934 እና የ1936 ድርቅ ሲመጣ የአሮጌው ዘር አገዳ ሲወድቅ ዲቃላው ቆሞ ታየ። ያኔ ነገሩ አበቃ። ሁለት ተመራማሪዎች አዮዋ ውስጥ ሁለት የገጠር ማኅበረሰቦችን አጥንተው በ1943 እንዳሳተሙት፣ ካነጋገሯቸው 259 ገበሬዎች በ1941 ዲቃላ ያልተቀበሉት ሁለት ብቻ ነበሩ።

የአሜሪካ የበቆሎ ምርት ከዚያ በፊት ለ70 ዓመት ያህል በሄክታር ከ16 ኩንታል አካባቢ ፈቀቅ አላለም ነበር። በ1960 ወደ 34 ኩንታል ደረሰ። ይህ የዘሩ ብቻ ሥራ አይደለም። ትራክተርና ማዳበሪያ አብረው ገብተዋል። ጋርስት ራሳቸው የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሰባኪ ነበሩ። ሌላው ሰው የሚጥለውን ቆረቆንዳ ከዩሪያ ጋር ደባልቀው ለከብት ማብላታቸውንም ለመጣው እንግዳ ሁሉ በኩራት ያሳዩ ነበር።

በ1955 መጀመሪያ ክሩስቼቭ አገራቸው እንደ አዮዋ በቆሎ እንድታመርት ጥሪ አደረጉ። የደሞይን ሬጅስተር ጋዜጣ አዘጋጅ ሎረን ሶት ይህን ይዞ «እንግዲያው ኑና እዩ» የሚል መንፈስ ያለው ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ። በዚሁ ጽሑፍ በ1956 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። የሶቪየት የእርሻ ልዑካንም በዚያው 1955 በጋ አዮዋ ገቡ። ጋርስት የልዑካኑን መሪ ቭላዲሚር ማትስኬቪችን ከተያዘው መርሐ ግብር ነጥለው ወደ ማሳቸው ወሰዱ። በመከር ወራት ራሳቸው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጓዙና ከክሩስቼቭ ጋር ተገናኙ። 5,000 ቶን ዲቃላ ዘርም ሸጡላቸው። ቀዝቃዛው ጦርነት ባየለበት ሰዓት ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። ጋርስት ግን የተራበ ሕዝብ ኑክሌር ይዞ ከሚቀመጥ የጠገበ ሕዝብ ቢይዝ ለሁሉም ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው። እኔም ይህ እምነታቸው ከንግዱ ይልቅ የሚታወስ ይመስለኛል።

እንግዲህ ክሩስቼቭ ኩን ራፒድስ የመጡበት ያ ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1959፣ ደረሰ። ጠባቧ ከተማ በወታደርና በመቶ በሚቆጠር ጋዜጠኛ ተጥለቀለቀች። ጋርስት እንግዳቸውን የከብት መኖው ጋ ወስደው ሊያሳዩ ሲሉ ፎቶ አንሺዎች ከበው መላወሻ አሳጧቸው። ሳይሌጅ የሚሉት፣ ተከታትፎ ታፍኖ የተብላላ የበቆሎ አገዳ፣ እዚያው ተከምሮ ነበር። ጋርስት በእጃቸው ያፍሱና በጋዜጠኞቹ ላይ ይወረውሩት ጀመር። የኒው ዮርክ ታይምሱን ሃሪሰን ሳልስበሪን ደግሞ ቅልጥሙን በእርግጫ አሉት። ክሩስቼቭ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ባለቤታቸው ኤልዛቤት ጋርስት ባሰናዱት ድንኳን ምሳ ተበላ። ሁለት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት አድሌይ ስቲቨንሰንም ከእንግዶቹ አንዱ ነበሩ።

ክሩስቼቭ አገር ቤት ገብተው በቆሎውን በጣም አስፋፉት። በ1962 በቆሎ የለበሰው መሬት 37 ሚሊዮን ሄክታር ደረሰ። ብዙው ግን ብርዱ ለበቆሎ የማይመች ቦታ ነበርና ከሸፈ። በአዮዋ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። አንድ ሰው በትራክተር ብዙ ማሳ ማረስ ሲችል ጎረቤት አላስፈለገም። በ1935 አሜሪካ 6.8 ሚሊዮን እርሻ ነበራት፤ በ1970 ሦስት ሚሊዮን ገደማ ቀሩ። የአንድ ክፍል ትምህርት ቤቶቹ ተዘግተው ልጆች በአውቶቡስ ወደ ከተማ መመላለስ ያዙ። ኮምባይነር ሲመጣ የውቂያው ወንፈል ቀረ። ለዓለም ጥጋብን ያሳየ ገጠር የራሱን ሰው እያጣ ሄደ። ከክሩስቼቭ ጉብኝት ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሲወራ ግን ብዙም አይሰማም።

ያ ዘር እኛም ዘንድ ደርሷል። የዋላስ ኩባንያ ፓዮነር ኢትዮጵያ ውስጥ ዲቃላ በቆሎ ሲሸጥ ቆይቷል። ባኮ ላይ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የወጣው ቢኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዝርያም የዚሁ የማዳቀል ዘዴ ውጤት ነው፤ ስሙ ራሱ የባኮ ዲቃላ ማለት ነው።

ጋርስት በ1977 አረፉ። በ2009፣ በጉብኝቱ 50ኛ ዓመት፣ የክሩስቼቭ ልጅ ሰርጌይ ኩን ራፒድስ ተገኝቷል። የእርሻው ቤት በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል። ቤተሰቡም በወንዙ ዳር ያለውን ሰፊ መሬት ዋይትሮክ ለሚባል የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ሰጥቷል። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው በእግር ይንሸራሸራል፣ ፈረስ ይጋልባል። ከአጥሩ ባሻገር ያለው ማሳ ግን አሁንም በቆሎ ነው።