ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆዩ ምግቦች

ምግብ የሚያበላሹት ባክቴሪያና ሻጋታ ያለ ውኃ አይራቡም። ያለ ማቀዝቀዣ ለወራትና ለዓመታት የሚቆዩት ምግቦች አብዛኞቹ የሚቆዩትም ይህን ውኃ ስለሚነፍጓቸው ነው። ሩዝ፣ ፓስታና ጥራጥሬ ደርቀዋልና ነገራቸው ግልጽ ነው። የሚገርመው ማር ነው። ከክብደቱ 18 በመቶ ገደማ ውኃ ሆኖ ሳለ አይሻግትም፤ ስኳሩ ውኃውን አጥብቆ ስለያዘው ለባክቴሪያ የሚተርፍ የለም። እንዲያውም ከባክቴሪያው አካል ውኃ መጥጦ ያደርቀዋል። ጨው ሥጋና ዓሣ የሚያቆየውም በዚሁ መንገድ ነው።

ማር ሲረጋ ተበላሸ ብሎ የሚደፋው ሰው አይጠፋም። ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቢያቆመው ይቀልጥለት ነበር። ሳይከደን ቆይቶ እርጥበት ከሳበ ግን በእርግጥም ይቦካል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ማር ውስጥ ባይራባም ሳይሞት ተኝቶ ሊቆይና በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ሊነቃ ይችላል።

የታሸገ ምግብ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ውኃው አለ፣ ተሕዋስያኑ ግን በሙቀት ሞተዋል። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብ በጠርሙስ አሽጎ የማፍላት ዘዴውን በ1810 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በዚያው ዓመት ፒተር ዱራንድ በእንግሊዝ ለቆርቆሮ ጣሳ የፈጠራ መብት አገኘ። አፔር ዘዴው እንደሚሠራ እንጂ ለምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር፤ ምስጢሩን የፈታው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሉዊ ፓስተር ነው። ኮምጣጣ ላልሆኑ ምግቦች ተራ ፍላት አይበቃም፤ በግፊት 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ድረስ ይሞቃሉ። ያበጠ ጣሳ ሳይቀመስ ይጣላል።

ደረቅ ምግብን ባክቴሪያ ቢተወውም ዘይቱ አይተወውም። ነጭ ሩዝ አየር በማያስገባ ዕቃ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ቡናማው ሩዝ ግን ገለባው ሥር ያለው ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ይከረፋልና በወራት ውስጥ ሽታው ይለወጣል። ዱቄትም እንዲሁ ነው፤ ከነፉርሽካው የተፈጨው ከነጩ ቀድሞ ይበላሻል። ነቀዝ ደግሞ ገና ከመጋዘን ጀምሮ እንቁላሉን በእህሉ ውስጥ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ዕቃውን በደንብ መክደን ብቻውን አያስጥልም።

ቦሎቄ አይከረፋም፣ ይጠነክራል እንጂ። ዓመታት ያስቆጠረ ቦሎቄ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀልም ልቡ እንደ ጠጠር ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን ፈጭቶ ሾርባ ማወፈሪያ ማድረግ ይሻላል።