አንሬይድ ምንድን ነው? የቤት ሰርቨር ለደሴና አካባቢዋ

አንሬይድ በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ ያንን ኮምፒውተር የቤት ሰርቨር፣ ማለትም የቤቱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በጋራ የሚገለገሉበት ማዕከል፣ የሚያደርግ፣ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚመራ ሶፍትዌር) ነው። ባለቤቱ ላይም ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ሥራውን የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሶፍትዌሩ ሃርድ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ የጋራ ማከማቻ ያቀርባል፣ አፕሊኬሽኖችን ያስተናግዳል፣ እንዲሁም በውስጡ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ እንዲሠራ ያደርጋል። እነዚህን ሥራዎች የሚያከናውኑ ሌሎች ሶፍትዌሮችም አሉ። አንሬይድ ተለይቶ ሊታወቅ የሚገባው በማከማቻው አሠራር ነው፤ ይህ አሠራር ዲስክ የሚገዛው ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ እያለ ለሆነ ሰው እጅግ ይስማማል።

በደሴ ፒያሳ ሰርግ የሚቀርጽ አንድ የቪዲዮ ባለሙያ እንዳለ እናስብ። የዓመታት ሥራው ከአሮጌ ኮምፒውተር በወጣ 1 ቴራባይት ዲስክ፣ በኋላ በተገዛ 2 ቴራባይት፣ ከዚያም በሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች ላይ ተበታትኖ ይገኛል። የዛሬ ስድስት ዓመት ሰርጉን የቀረጸለት ደንበኛ መጥቶ የሰርጌን ቅጂ ስጠኝ ቢለው ዲስኮቹን እየነቀለና እየሰካ መፈለግ ይኖርበታል፤ ይባስ ብሎ ከዲስኮቹ አንዱ ቢበላሽ በላዩ የነበረው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ከካሴት የተገለበጡ የጀማ ንጉሥና የዳና መንዙማዎችን በድምፅ ፋይል የሚያከማች ሰውም ያለበት ችግር ከዚህ አይለይም።

ዲስኮችን አቀናጅቶ ከብልሽት የመጠበቅ ሐሳብ ሬይድ በሚባለው ስም የታወቀው በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት ነው። በብዛት ከሚሠራባቸው የሬይድ ዓይነቶች አንዱ በሆነው ሬይድ 5 እያንዳንዱ ፋይል ተቆራርጦ በሁሉም ዲስኮች ላይ ስለሚሰራጭ ትልልቆቹ ዲስኮች በትንሹ ዲስክ ልክ ይወሰናሉ። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሱት አራት ዲስኮች በሬይድ 5 ቢቀናጁ ለፋይል የሚተርፈው ቦታ 3 ቴራባይት ብቻ ይሆናል። አንሬይድ ግን ፋይል አይቆራርጥም፤ እያንዳንዱ ፋይል በአንድ ዲስክ ላይ ሙሉውን ይቀመጣል። ከባለ 4 ቴራባይቶቹ አንዱ ለጥበቃ ሲመደብ የቀሩት ሦስቱ ተደምረው 7 ቴራባይት ያስገኛሉ። ያለው ግዴታ ለጥበቃ የሚመደበው ዲስክ ከሌሎቹ ከትልቁ ያላነሰ መሆን አለበት የሚል ነው።

ይህ ለጥበቃ የሚመደብ ዲስክ ፓሪቲ ይባላል፤ በላዩም ምንም ፋይል አይቀመጥም። አሠራሩን በቅሬ፣ ማለትም በእድር፣ መዝገብ ማስረዳት ይቻላል። የቅሬው ጸሐፊ የእያንዳንዱን አባል መዋጮ በየመስመሩ ጽፎ ከግርጌ ድምሩን ያሰፍራል፤ የአንዱ አባል መስመር ውሃ ነክቶት ቢጠፋ የቀሩትን ከድምሩ ላይ በመቀነስ የጠፋው ልክ ይታወቃል። ፓሪቲ ዲስኩም የሌሎቹን ዲስኮች ድምር ይይዛል፤ ልዩነቱ ድምሩ የሚወሰደው በየአንዳንዷ ቢት (መረጃ የሚጻፍባት 0 ወይም 1) ቦታ ላይ ያሉት 1ዶች ብዛታቸው ተጋማሽ ነው ወይስ ጎዶሎ በሚል ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ዲስክ ሲበላሽ አዲስ ዲስክ ይተካና በአሮጌው ላይ የነበረው ከቀሪዎቹ ተሰልቶ ይጻፍበታል። በመዝገቡ ሁለት መስመር ከጠፋ ግን አንድ ድምር አይበቃም፤ የሁለት ዲስኮችን ብልሽት ለመቋቋም ሁለተኛ ፓሪቲ ዲስክ ያስፈልጋል።

ከዚሁ ስሌት አንድ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ይከተላል። ፋይል በስህተት ሲሰረዝ ድምሩም በዚያው ቅጽበት ስለሚታረም ፓሪቲ የተሰረዘን ፋይል አይመልስም። ቫይረስ ያበላሸውን አይመልስም፤ ሌባ ኮምፒውተሩን ይዞ ቢሄድም ፓሪቲው አብሮ ሄዷል። ፓሪቲ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። የማይተኩት ፋይሎች ሌላ ቅጂ፣ ቢቻል ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ባለ ዘመድ ቤት፣ መቀመጥ ይኖርበታል።

በሌላ በኩል ፋይሉ አለመቆራረጡ የሚያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ በእኔ ግምት ከአንሬይድ ጥቅሞች ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ሁለት ዲስኮች በአንድ ጊዜ ቢበላሹና ፓሪቲው አንድ ብቻ ቢሆን በሬይድ 5 ሁሉም ፋይል ይጠፋል፤ በአንሬይድ ግን የሚጠፋው በተበላሹት ዲስኮች ላይ የነበረው ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ቢቃጠል እንኳ ዲስኩን አውጥቶ በማንኛውም ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማንበብ ይቻላል። ከዚህም በላይ አንድ ፊልም ሲታይ የሚሽከረከረው ፊልሙ ያለበት ዲስክ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ማረፍ ይችላሉ፤ መብራትም ይቆጥባል።

ጉድለቱ የመጻፍ ፍጥነቱ ነው። አንድ ነገር ለመጻፍ በዲስኩና በፓሪቲው ላይ ያለው አስቀድሞ መነበብ፣ ከዚያም ሁለቱም መጻፍ ስላለባቸው ሥራው ይንቀራፈፋል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው አዲስ ፋይል መጀመሪያ በፈጣን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ዲስክ) ላይ አርፎ ሌሊት ወደ ዋናዎቹ ዲስኮች እንዲዛወር ማድረግ ነው፤ ነገር ግን ፋይሉ እስኪዛወር ድረስ ፓሪቲው እንደማይጠብቀው መታወቅ አለበት።

ለአካባቢያችን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበው መብራት ነው። ሰርቨሩ በሥራ ላይ እያለ መብራት ድንገት ቢጠፋ አንሬይድ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ዲስኮቹን ከፓሪቲው ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያመሳክራል፤ ይህም በትልልቅ ዲስኮች ላይ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ማመሳከሩ ሳያልቅ መብራቱ እንደገና ቢሄድስ? ስለዚህ ተጨማሪ ዲስክ ከመግዛት በፊት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) መግዛት ይቀድማል። አንሬይድ ከዩፒኤስ ጋር በኬብል ተገናኝቶ ባትሪው ከማለቁ በፊት ራሱን በሥርዓት የሚዘጋበት አማራጭ አለው፤ ይህን ሳያስተካክሉ ዩፒኤሱን ብቻ መሰካት ግማሽ ሥራ ነው።

አፕሊኬሽኖቹ የሚሠሩት ዶከር በሚባለው ዘዴ ነው፤ እያንዳንዱ አፕሊኬሽን ለብቻው ታሽጎ ስለሚሠራ አንዱ ሌላውን አያውክም። ጄሊፊን ቪዲዮና ሙዚቃን ወደ ስልክና ቴሌቪዥን ያሰራጫል፣ ኔክስትክላውድ ሰነዶችን ያጋራል፣ ኢሚች የቤተሰቡን የስልክ ፎቶዎች ይሰበስባል፣ ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እነዚህ ሁሉ በቤቱ ራውተር በኩል ስለሚገናኙ የውጭ መስመር ባይኖርም ይሠራሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ፎቶውን በጉግል ወይም በቴሌግራም ብቻ ያስቀመጠ ሰው የራሱን ንብረት ማየት ተስኖት ነበርና የዚህ ጥቅም ለወሎ ሰው ማስረጃ አያሻውም። እርግጥ አፕሊኬሽኖቹ መስመር ባለበት ጊዜ አስቀድመው መውረድ አለባቸው።

ስለ ቨርቹዋል ማሽን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በሊኑክስ ውስጥ ባለው ኬቪኤም በተባለ ክፍል የሚሠራ ሲሆን ሰፊ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ይፈልጋል፣ 8 ጊጋባይት ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ ባይሞከር ይሻላል። አንድ ጥቅሙ ግን ለእኛ የቀረበ ነው፦ የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ፣ ዩኒኮድ፣ ከመስፋፋቱ በፊት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ በተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የተጻፉ የቢሮ ሰነዶች ያሉት ሰው አሮጌውን ዊንዶውስ በቨርቹዋል ማሽን አስቀምጦ በፈለገ ጊዜ ሊከፍታቸው ይችላል።

አንሬይድ በተለምዶ የሚነሳው ከፍላሽ ነው፤ ፈቃዱም ከዚያው ፍላሽ መለያ ጋር ተያይዞ ይሰጣል። ለ30 ቀን በነጻ መሞከር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በወጣው ዋጋ አነስተኛው ፈቃድ 49 ዶላር፣ የዕድሜ ልኩ 249 ዶላር ነበር። ገንዘቡ ባይከብድ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለብዙዎቻችን ሌላ ጣጣ ነው። ይህ ለማይቻለው ኦፕንሚዲያቮልት የተባለው ሌላ የቤት ሰርቨር ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ በላዩ ስናፕሬይድ (ፓሪቲ የሚያሰላ) እና መርጀርኤፍኤስ (ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሳይ) የተባሉ ሶፍትዌሮችን በመጨመር የተለያየ መጠን ያላቸውን ዲስኮች በተቀራራቢ መንገድ ማቀናጀት ይቻላል፣ ልዩነቱ ፓሪቲው የሚሰላው ወዲያው ሳይሆን በተወሰነለት ሰዓት መሆኑ ነው። ፎቶውና ሰነዱ ከአንድ ዲስክ የማያልፍ ቤተሰብ ግን አንዱንም አይፈልግም፤ ሁለት ተመሳሳይ ቅጂ በሁለት ዲስክ ይዞ አንዱን ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ይበቃዋል።